ስሟን ለወይን ጠጅ ያዋሰች ከተማ፦ ፖርቶና የዶውሮ ወንዝ

ፖርት እየተባለ የሚጠራውን ጣፋጭና ኃይለኛ የወይን ጠጅ ቀምሶ የማያውቅ አንባቢ እንኳ ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። ስሙ የተወሰደው በሰሜን ፖርቱጋል፣ የዶውሮ ወንዝ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ከተቆረቆረችው ከፖርቶ ከተማ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው አንድ እንግዳ ነገር እናገኛለን። ለዚህ መጠጥ የሚሆነው ወይን በፖርቶ አይበቅልም፤ እርሻው ከከተማይቱ በስተምሥራቅ ብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ርቆ በተራሮች መካከል ይገኛል። የሚጠመቀውም እዚያው ነው። ከተጠመቀ በኋላ ለዓመታት የሚቀመጠው ደግሞ በፖርቶ ሳይሆን በወንዙ ማዶ፣ ቪላ ኖቫ ዴ ጋያ በተባለች ሌላ ከተማ ነው። ታዲያ ፖርቶ ለወይን ጠጁ ያበረከተችው ስሟን ብቻ ነውን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሚሻለው መንገድ ወይኑ ራሱ ይጓዝበት የነበረውን መንገድ መከተል ነው፤ ይኸውም ወንዙን። ዶውሮ ከሰሜን ስፔን ተራሮች ተነሥቶ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ በፖርቶ በኩል ወደ ባሕር ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ወደቡ

ሮማውያን በወንዙ አፍ የነበረውን ሰፈር ፖርቱስ ካሌ ይሉት ነበር። ፖርቱስ በላቲን ቋንቋ ወደብ ማለት ነው። ፖርቱጋል የሚለው የአገሪቱ ስም የተገኘው ከዚሁ በመሆኑ ከተማይቱ ስሟን ያዋሰችው ለመጠጥ ብቻ ሳይሆን ለአገርም ጭምር ነው። በ1387 የፖርቱጋሉ ንጉሥ ቀዳማዊ ጆዋው እንግሊዛዊቷን ፊሊፓን ያገቡት በፖርቶ ነበር። ጋብቻው የሁለቱን አገሮች ወዳጅነት አጸና፤ ይህም ወዳጅነት ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ለወይን ንግዱ መሠረት ሆነ። ከዚህ ጋብቻ በ1394 በዚያችው ከተማ የተወለደው ልዑል ሄንሪ፣ በታሪክ «መርከበኛው» የተባለው፣ የአፍሪካን ጠረፍ እንዲያስሱ መርከቦችን ይልክ የነበረ ሰው ነው። ከፍለጋው ዓላማዎች አንዱ በዘመኑ አውሮፓውያን «ቄሱ ዮሐንስ» ይሉት የነበረውን ክርስቲያን ንጉሥ ማግኘት ነበር። ፖርቱጋላውያንን በመጨረሻ እስከ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ያደረሳቸውም ይኸው ፍለጋ ነው።

የፖርቶ ሰዎች እስከ ዛሬ በፖርቱጋል «ጨጓራ በሎች» እየተባሉ ይጠራሉ። እንደሚተረከው በ1415 ወደ ሰሜን አፍሪካዋ ሴውታ ለዘመተው የባሕር ኃይል ሥጋውን በሙሉ ሰጥተው ለራሳቸው የቀራቸው የሆድ ዕቃው ብቻ ነበር። ተረቱ እውነት ይሁን አይሁን፣ በባቄላ የሚሠራው የጨጓራ ወጥ ዛሬም የከተማይቱ መታወቂያ ምግብ ነው፤ ሕዝቡም በስሙ ይኮራል እንጂ አያፍርበትም።

ድንጋዩና ሥሩ

ከፖርቶ ተነሥተን ወንዙን ወደ ላይ ስንከተል መጀመሪያ የምናየው ግራናይት ነው። ከተማይቱ ራሷ የታነጸችው በዚህ ግራጫ ድንጋይ ሲሆን አየሩም ከውቅያኖሱ የተነሣ እርጥብና ዝናባማ ነው። የማራውን ተራራ እንዳለፍን ግን ሁለቱም ነገሮች ይለወጣሉ። ተራራው ከአትላንቲክ የሚመጣውን ደመና ስለሚያግድ ከጀርባው ያለው ሸለቆ ደረቅ ነው፤ ክረምቱ ይበርዳል፣ በጋው ያቃጥላል። ድንጋዩም ሺስት ወደሚባለው ይለወጣል። ሺስት እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ፣ በንብርቡ በኩል በቀላሉ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው። በዶውሮ ሸለቆ ንብርቡ በብዙ ቦታ ወደ ቁም የተገለበጠ ስለሆነ የወይኑ ሥር በስንጥቁ ውስጥ ብዙ ሜትሮች ወደ ታች ይወርዳል፤ የክረምቱም ውኃ በዚያው ስንጥቅ ገብቶ ይቀመጣል። በሌላ አገላለጽ አፈር የሌለ በሚመስልበት ቀጥ ያለ ገደል ላይ ወይን በበጋ ሳይደርቅ የሚቆየው ድንጋዩ ራሱ የውኃ ጎተራ ስለሆነለት ነው። ገበሬዎቹም ለዘመናት ድንጋዩን በዶማና በባሩድ እየፈለጡ፣ ፍላጩን ያለ ጭቃ እየካቡ እርከን ሠርተዋል። ይህ የእርከን ምድር በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከእርከኖቹ አንዳንዶቹ ዛሬ ባዶ ናቸው፤ ቁጥቋጦ በቅሎባቸዋል። ምክንያቱ አንድ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ፊሎክሴራ የክሽክሽ ዘመድ ሲሆን የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከአሜሪካ በመጡ የወይን ተክሎች ተጣብቆ አውሮፓ ገባ። የወይኑን ሥር እየመጠጠ ያቆስላል፤ በቁስሉ በኩል የሚገባው ብስባሽ ተክሉን ይገድለዋል። የአሜሪካ ወይኖች ከነፍሳቱ ጋር ለረጅም ዘመን አብረው ስለኖሩ ሥራቸው ቁስሉን መድፈን ይችላል፤ የአውሮፓው ወይን ግን ይህ መከላከያ አልነበረውም። በ1868 ፈረንሳዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ፕላንሾን ከባልደረቦቹ ጋር ነፍሳቱን በደቡብ ፈረንሳይ በሚሞቱ ወይኖች ሥር ላይ አገኘው። ዶውሮም በዚያው ዘመን ተመታ፤ ብዙ ገበሬዎች እርሻቸውን ጥለው ተሰደዱ። መድኃኒቱ የተገኘው ከበሽታው አገር ነበር፦ የአውሮፓውን ወይን ቅርንጫፍ ቆርጦ በአሜሪካው ወይን ሥር ላይ ማጣበቅ። ዛሬ በዶውሮ የምናያቸው ወይኖች ከጥቂቶቹ በቀር ከመሬት በላይ ፖርቱጋላዊ፣ ከመሬት በታች አሜሪካዊ ናቸው ማለት ይቻላል።

ያልተጨረሰ መብላላት

አሁን ወደ ጠመቃው እንምጣ። ወይን ሲጨመቅ በቆዳው ላይና በመጥመቂያው ውስጥ ያለው እርሾ በጭማቂው ውስጥ የሚገኘውን ስኳር መመገብ ይጀምራል። እያንዳንዱ የግሉኮስ ሞለኪውል ለሁለት የአልኮልና ለሁለት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች ይከፈላል። በክብደት ሲሰላ 180 ግራም ስኳር ቢበዛ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። እርሾው ካልተከለከለ ስኳሩ እስኪያልቅ ይቀጥላል፤ ውጤቱም አልኮሉ የበረታ፣ ጣፋጭነቱ ግን የጠፋ መጠጥ ነው። ጠጅ የሚጥሉ እናቶቻችን ብርዙ እየዋለ እያደረ ጣፋጭነቱ እንደሚቀንስና ኃይሉ እንደሚጨምር የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

የፖርት ወይን ጠማቂ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ጣፋጭነቱንም ኃይሉንም። ስለዚህ መብላላቱን በመካከል ያቋርጠዋል። ስኳሩ ወደ ግማሽ ገደማ ሲደርስ 77 በመቶ አልኮል ያለውን የወይን አረቄ ይጨምርበታል። እርሾ በእንዲህ ያለ የአልኮል መጠን መሥራት ስለማይችል ሥራውን ያቆማል፤ የተረፈው ስኳርም በመጠጡ ውስጥ ይቀራል። በተለመደው አሠራር 435 ሊትር በመብላላት ላይ ያለ ጭማቂ ከ115 ሊትር አረቄ ጋር ተቀላቅሎ «ፒፓ» የሚባለውን 550 ሊትር የሚይዝ በርሜል ይሞላል። አንባቢ ይህን በወረቀት ላይ ሊያሰላው ይችላል። ጭማቂው በዚያ ሰዓት 6 በመቶ አልኮል አለው ብንል ከእርሱ 26 ሊትር፣ ከአረቄው ደግሞ 88 ሊትር ተኩል ገደማ ንጹሕ አልኮል እናገኛለን። ድምሩ ለ550 ሲካፈል ወደ 21 በመቶ ይጠጋል፤ የፖርት ወይን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ19 እስከ 22 በመቶ አልኮል አለው።

መብላላቱ ቶሎ መቋረጡ ግን አንድ ችግር ያስከትላል። የቀይ ወይን ቀለምና መጠጡን ለረጅም ጊዜ የሚጠብቀው ታኒን የሚገኙት በጭማቂው ውስጥ ሳይሆን በወይኑ ቆዳ ውስጥ ነው። ተራ ቀይ ወይን በሚጠመቅበት ጊዜ ቆዳው ከጭማቂው ጋር ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ስለሚችል ቀለሙ ቀስ ብሎ ይወጣል። ፖርት ግን ያለው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ቀለሙን ለማውጣት የተገኘው ዘዴ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ነው፦ በእግር መርገጥ። በጉልበት ከፍታ ወይን በተሞላ ሰፊ የግራናይት መጥመቂያ ውስጥ ሠራተኞች ተያይዘው ተሰልፈው፣ መጀመሪያ በአንድ ድምፅ እየቆጠሩ፣ ኋላም በሙዚቃ እየታጀቡ ለሰዓታት ይረግጣሉ። የሰው እግር ሞቃትና ለስላሳ ስለሆነ ቆዳውን ይፈጫል እንጂ መራራውን ፍሬ አይሰብርም። መሐንዲሶች ይህን የሚተካ መኪና ለመሥራት ብዙ ደክመዋል፤ ከሠሯቸውም መካከል የተሳካላቸው የእግርን አረጋገጥ የሚመስሉት ናቸው። አንዳንድ እርሻዎች ለምርጥ ወይናቸው ዛሬም በእግር ይረግጣሉ፤ በእኛ አስተያየት ይህ ለጎብኚዎች ተብሎ የተጠበቀ ትዕይንት ብቻ አይደለም።

ሕግ፣ ዓመፅና ትምህርት ቤት

አረቄው ከመጀመሪያው ለጣፋጭነት ተብሎ የተጨመረ አልነበረም። በ1703 እንግሊዝና ፖርቱጋል በተፈራረሙት ውል የፖርቱጋል ወይን ከፈረንሳዩ ወይን በአንድ ሦስተኛ ያነሰ ቀረጥ እንዲከፍል ተወሰነ። የእንግሊዝ ነጋዴዎች ወደ ፖርቶ ጎረፉ፤ ወይኑ በመርከብ ጉዞ ላይ እንዳይበላሽም ጥቂት አረቄ ይጨምሩበት ነበር። ፍላጎቱ ሲበዛ ማጭበርበር መጣ። ቀለሙ የሳሳ ወይን ሳምቡከስ በሚባል ቁጥቋጦ ጥቁር ፍሬ እየቀላ ይሸጥ ጀመር። ነጋዴዎቹ ገበሬዎቹን፣ ገበሬዎቹ ነጋዴዎቹን ከሰሱ፤ ዋጋውም ወደቀ።

በ1756 የንጉሡ ዋና ሚኒስትር የነበረው፣ በኋላ ማርኪዝ ዴ ፖምባል የተባለው ሰው የዶውሮን የወይን ንግድ የሚቆጣጠር ኩባንያ አቋቋመ። ኩባንያው የወይኑን ምድር ወሰን በግራናይት ምሰሶዎች አስከለለ፤ ምሰሶዎቹ ከሦስት መቶ በላይ ሲሆኑ ብዙዎቹ ዛሬም ቆመው ይታያሉ። የሳምቡከስ ቁጥቋጦም ከሥሩ እንዲነቀል ታዘዘ። የጉብኝት መጻሕፍት ዶውሮን በዓለም የመጀመሪያው በሕግ የተከለለ የወይን ምድር ይሉታል። ይህ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ የጣሊያኗ ቶስካና በ1716፣ የሃንጋሪው ቶካይም በ1737 ወሰናቸው በአዋጅ ተለይቶ ነበርና። ዶውሮን ልዩ የሚያደርገው ከወሰኑ ጋር ጥራትን፣ ዋጋንና ንግድን ባንድነት የሚቆጣጠር ድርጅት መመሥረቱ ነው።

ቁጥጥሩ ግን የዋህ አልነበረም። ኩባንያው በከተማይቱ ወይን የመቸርቸር መብትን ለራሱ ስለወሰደ በየካቲት 1757 የፖርቶ ጠጅ ቤት ባለቤቶችና ድሆች ዐመፁ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በርካታ ሰዎችም በስቅላት ተቀጡ። ዐመፁን «የሰካራሞች ዐመፅ» ብለው የሰየሙት ያፈኑት ወገኖች መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል።

ይኸው ኩባንያ ለአንድ የሳይንስ ፋኩልቲ መጽሔት አንባቢ ልዩ ትርጉም ያለው ሌላ ሥራም ሠርቷል። ወይን የሚጭኑ መርከቦች የተማሩ መርከበኞች ያስፈልጓቸው ስለነበር በ1762 በፖርቶ የመርከብ አመራር ትምህርት ተከፈተ። በ1803 ይህ ትምህርት አድጎ ሒሳብን የሚያስተምር የባሕርና የንግድ አካዳሚ ሆነ፤ የበላይ ተቆጣጣሪውም የወይኑ ኩባንያ ነበር። ለሕንጻው ሥራ በከተማይቱ በሚሸጠው ወይን ላይ ቀረጥ ተጣለ። አካዳሚው በ1837 ፖሊቴክኒክ፣ በ1911 ደግሞ የፖርቶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የመጀመሪያው ሬክተሩም የሒሳብ ሊቁ ጎምሽ ተይሸይራ ነበር። ስለዚህ የከተማይቱ ሳይንስ ከወይን በርሜል ወጣ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ቁልቁል በወንዙ

ወይኑ ከሸለቆው ወደ ፖርቶ የሚወርደው ራቤሎ በሚባል ጀልባ ነበር። ሆዱ ጠፍጣፋ፣ ሸራው አንድና አራት ማዕዘን፣ መሪው ከኋላው የሚረዝም ግዙፍ መቅዘፊያ ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነው በዝቅተኛ ውኃ ላይ በድንጋዮች መካከል እንዲያልፍ ሲሆን፣ መሪው የረዘመው ደግሞ በፏፏቴዎቹ ውስጥ ጀልባውን በቅጽበት ማዞር ስለሚያስፈልግ ነው። ከሁሉ የከፋው ቫሌይራ የተባለው ጠባብ ገደል ነበር። ወንዙን የዘጋው ግራናይት ከ1780 ጀምሮ ለዐሥራ ሁለት ዓመታት በባሩድ ከተፈነዳ በኋላ መተላለፊያ ቢገኝም አደጋው ጨርሶ አልተወገደም።

በግንቦት 1861 በዚያው ቦታ ጆሴፍ ጄምስ ፎሬስተር ሰጠመ። ይህ እንግሊዛዊ ነጋዴ የዶውሮን ወንዝ በዝርዝር ካርታ ያነሣ፣ ድንጋዮቹንና ፏፏቴዎቹን አንድ በአንድ የመዘገበ ሰው ነበር። አረቄ መጨመርን አጥብቆ በመቃወም በ1844 ያሳተመው ጽሑፍም ብዙ ጠላት አፍርቶበታል። በክርክሩ ተሸነፈ፤ ፖርት ዛሬ የሚጠመቀው እርሱ በተቃወመው መንገድ ነው። በዚያው ጀልባ የነበረችው ባለጸጋዋ የወይን እርሻ ባለቤት ዶና አንቶኒያ ፌሬይራ ተረፈች። የወቅቱ ሰፊ ቀሚስ አንሳፍፎ እንዳዳናት፣ ፎሬስተርን ግን በወገቡ የታጠቀው የወርቅ ገንዘብ እንዳሰጠመው ሰዎች ይተርካሉ። ቀሚሱንም ወርቁንም ለተረት እንተወው፤ ወንዙን ከማንም በላይ የሚያውቀውን ሰው ወንዙ መውሰዱ ግን እውነት ነው።

ከፖርቶ ማዶ

ጀልባዎቹ የሚያራግፉት በጋያ ነበር። ለምን በፖርቶ እንዳልሆነ ካርታውን ስናይ እንረዳለን። ጋያ በወንዙ ደቡብ ዳርቻ ስለሆነች ዳገቷ ወደ ሰሜን ይመለከታል፤ ፀሐይ በቀጥታ አይመታትም። በዚያ ላይ የውቅያኖሱ እርጥበት አለ። ሞቃትና ደረቅ በሆነው ሸለቆ ውስጥ ከበርሜል የሚተነው መጠጥ ብዙ ሲሆን በጋያ መጋዘኖች ግን ይቀንሳል። ከ1926 እስከ 1986 ድረስ ፖርት ወደ ውጭ አገር የሚላከው በጋያ በኩል ብቻ እንዲሆን በሕግ ተደንግጎ ነበር።

በጋያ ከሚከናወነው ሁሉ ለኬሚስት የሚማርከው የቀለም ለውጥ ነው። አዲስ ፖርት ጥቁር ሐምራዊ ነው። ይህን ቀለም የሚሰጡት አንቶሲያኒን የተባሉ ውሁዶች ከታኒን ጋር እየተያያዙ ትላልቅ ሞለኪውሎች ይሆናሉ፤ ሲከብዱም እንደ አተላ ይዘቅጣሉ። በትንሽ በርሜል የተቀመጠ ፖርት በእንጨቱ በኩል ኦክስጅን ስለሚያገኝ ከዓመት ዓመት ቀለሙ እየሳሳ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ጣዕሙም የለውዝና የደረቀ ፍራፍሬ ይሆናል። ይህ ቶኒ የሚባለው ነው። በትልቅ ጋን የተቀመጠው ሩቢ ግን ከእንጨትና ከአየር ጋር የሚገናኝበት ስፋት ከመጠኑ አንጻር ትንሽ ስለሆነ ቀይነቱን ይጠብቃል። በልዩ ዓመታት የሚገኘው ምርጡ ፖርት ደግሞ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ በጠርሙስ ተዘግቶ አየር ሳያገኝ ለዐሥርተ ዓመታት ይበስላል፤ አተላውም በጠርሙሱ ውስጥ ስለሚቀር ሲቀዳ ጥንቃቄ ይሻል።

ድልድዮቹ

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ውኃ ጠባብ ቢሆንም ለመሻገር ቀላል አልነበረም። በመጋቢት 29 ቀን 1809 የናፖሊዮን ጦር ፖርቶን ሲይዝ ሕዝቡ በጀልባዎች ላይ ወደተዘረጋው ድልድይ ሸሸ። ድልድዩ ከሰው ብዛት ተሰበረ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሰጠሙ። በወንዙ ዳር ያሉ ሰዎች ዛሬም ስለ ሟቾቹ ነፍስ ከመታሰቢያው ሥር ሻማ ያበራሉ።

በኋላ የመጡት መሐንዲሶች የተማሩት ወንዙ ጥልቅና ፈጣን፣ ታቹም አሸዋና ጠጠር በመሆኑ በመካከሉ ምሰሶ ማቆም አስተማማኝ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ወንዙን በአንድ ቅስት ዘለሉት። በ1877 የተከፈተው የማሪያ ፒያ የባቡር ድልድይ በብረት ቅስቱ 160 ሜትር ይሻገራል። ሥራው የጉስታቭ ኤፌል ኩባንያ ሲሆን የንድፉ ባለቤት ግን ባልደረባው ቴዎፊል ሴይሪግ ነበር። በ1886 የተከፈተውን ባለ ሁለት ፎቅ የሉዊስ ቀዳማዊ ድልድይ ብዙ ሰው የኤፌል ሥራ ይመስለዋል፤ እርሱን የሠራው ከኤፌል ተለይቶ ለአንድ የቤልጂየም ኩባንያ ይሠራ የነበረው ይኸው ሴይሪግ ነው። ቅስቱ 172 ሜትር ነው፤ በላይኛው ፎቅ ከ2005 ጀምሮ የከተማው ባቡር ይሄድበታል። በ1963 ኤድጋር ካርዶዞ የነደፈው የአራቢዳ ድልድይ 270 ሜትር በኮንክሪት ቅስት ሲሻገር በዓይነቱ በዓለም ረጅሙ ነበር። ሦስቱም በወንዙ ውስጥ አንድም ምሰሶ የላቸውም።

ከ1972 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት በፖርቱጋል ውስጥ በሚገኘው የዶውሮ ክፍል አምስት ግድቦች ተጠናቀቁ። ፏፏቴዎቹ ተዋጡ፤ ቫሌይራም በጸጥተኛ ውኃ ተሸፈነ። ወንዙ ተገራ ተባለ። ነገር ግን እነዚህ ግድቦች ብዙ ውኃ የሚያከማቹ ባለመሆናቸው ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ያልፋቸዋል። ከግድቦቹ በታች ደግሞ ለግንባታ የሚሆን አሸዋ ከወንዙ ታች ለብዙ ዓመታት ይወጣ ነበር። ከፖርቶ በላይ፣ ኤንትሬ ኦስ ሪዮስ በተባለ ቦታ በ19ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ድልድይ ነበር፤ እርሱ ምሰሶዎቹ በውኃው ውስጥ ቆመዋል። በመጋቢት 4 ቀን 2001 ማታ፣ ከረጅም የክረምት ጎርፍ በኋላ አንዱ ምሰሶ ከሥሩ ተሸርሽሮ ወደቀ። አንድ አውቶቡስና ሦስት መኪናዎች ወንዙ ውስጥ ገቡ፤ 59 ሰዎች ሞቱ፤ የብዙዎቹ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ምርመራው ያረጋገጠው አሸዋ በመውጣቱ የወንዙ ታች ዝቅ ማለቱንና ምሰሶው በወቅቱ አለመጠገኑን ነው። የትራንስፖርቱ ሚኒስትር በዚያው ሌሊት ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ዛሬ ፖርቶን የሚጎበኝ ሰው በ1996 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው አሮጌ ክፍሏ ውስጥ የሚያየው ብዙ ነው። በሳዎ ቤንቶ ባቡር ጣቢያ ግድግዳዎች ላይ የአገሪቱ ታሪክ 20,000 በሚያህሉ ሰማያዊና ነጭ ሸክላዎች ተሥሏል፤ የክሌሪጎስ ግንብ ከ75 ሜትር ከፍታው ወንዙን ይመለከታል። ከሁሉ ግን በሰኔ 24 ቀን፣ በቅዱስ ዮሐንስ በዓል፣ ራቤሎዎቹ ሲወዳደሩ ማየት ይሻላል። እነዚህ ጀልባዎች ወይን ማመላለስ ያቆሙት በ1960ዎቹ ነው፤ አሁን ወይኑ በመኪና ይመጣል። በዚያ ቀን ግን የየኩባንያው ስም በተጻፈበት ሸራ ከወንዙ አፍ ተነሥተው፣ ከባሕር የሚነፍሰውን ነፋስ ተከትለው፣ ወደ ሴይሪግ ድልድይ ይወጣሉ። ነፋሱ ካልመጣ ውድድሩ እንደ ቀንድ አውጣ ይጓዛል፤ ተመልካቹም በሁለቱ ዳርቻዎች ቆሞ ይጠብቃል።